ላም አለኝ በሰማይ

ባለፈው ሳምንት አርቪያችንን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን የጉዞ መኪናችንን፣ ሊገዛ የመጣ አንድ ወንድም ጎማውንና ሞተሩን አይቶ ሲጨርስ ወደ ውስጥ ገባና ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለችውን ትንሽ ቁም ሳጥን ከፈተ። በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በጥቁር ማርከር የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ ከቁጥሮቹ ሥር ደግሞ አንድ የአማርኛ መስመር። «ይሄ ምንድን ነው፣ እህቴ?» አለኝ። «የአባቴ ጽሕፈት ነው» አልኩት። ሳያነበው፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ነጭ የሳተላይት አንቴና አየና «ዲሹ ይሠራል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዎ» ብል ውሸት አልነበረም። ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። እኔም ያንን አንቴና ስገዛ ሻጩን የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር፤ ይሠራል ወይ? እሱም «ከሁሉም ጋር ይሠራል» አለኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ። ሰውዬው ቆሞ መልሴን ሲጠብቅ እኔ በሐሳቤ ሐምሌ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደነበርንበት የቨርጂንያ ሸለቆ ሄጄ ነበር። እዚያ የሆነው ነገር ትንሽ ነው፤ የቴሌቪዥን ነገር ነው። ግን እስከ ዛሬ ውስጤን ይቆጠቁጠኛል።

ሞሶቡ

አባዬ በዚያ ክረምት ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ጉልበቱ ረጅም መንገድ ተቀምጦ መሄድ አይፈቅድለትም፤ በየመሀሉ ጋደም ማለት አለበት፣ መጸዳጃም ቅርቡ መሆን አለበት። አገር እናሳየው ብለን ከባለቤቴ ጋር ስንመክር ከርመን ያገለገለ አርቪ ገዛን። አልጋው ውስጥ፣ ምድጃው ውስጥ፣ ልጆቹ ዙሪያውን። አባዬ ከመምጣቱ በፊት በስልክ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በዚያው በሐምሌ፣ ኦሪጎን ውስጥ ዩጂን ከተማ ላይ ነበር የሚካሄደው። «የለተሰንበት አሥር ሺህ እንዳታመልጠኝ» አለኝ።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዶሃ ላይ ለተሰንበት ግደይ በመጨረሻው ዙር በሲፋን ሐሰን ተቀድማ ብር ስትወስድ አባዬ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወጥቶ ነበር። ቶኪዮ ላይ ደግሞ ነሐስ። የዓለም ክብረ ወሰን በእጇ እያለ የሻምፒዮና ወርቅ ያልነበራት ልጅ ናት። አባዬ እንደ ራሱ ልጅ ነው የሚቆረቆርላት። አሁን ደግሞ ሩጫው የሚካሄደው እሱ በእንግድነት ባለበት አገር ነው።

ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ቤታችን የሳተላይት ቴሌቪዥን አለ፤ በየወሩ እንከፍላለን። ተንቀሳቃሽ አንቴና ከገዛሁ፣ የሳሎኑን ሪሲቨር ነቅዬ ይዤ እሄዳለሁ፤ አለቀ። አንቴናው እጀታ ያለው ክብ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ትንሽ ዲሽ አለ፤ በሞተር እየዞረ ሳተላይቱን ራሱ ይፈልጋል። አባዬ ገና ሲያየው «ሞሶብ ነው እንዴ?» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ሞሶቡ ሆኖ ቀረ። ልጆቼ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ እንኳ ሞሶብ ነው የሚሉት።

የገዛሁት ሐሙስ ማታ ሲሆን ጉዞው አርብ ጠዋት ነበር። መመሪያውን አላነበብኩትም። ቤት ውስጥ አገናኝቼም አልሞከርኩትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ግን ገና ሩጫው ሳይጀመር ነበር የተፈታው።

መጣ፣ ሄደ

ዲሽ ማዞር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ቆርቆሮ ላይ የወጣ ሰው፣ በር ላይ የቆመ ሰው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠ ሰው፤ «መጣ!»፣ «ሄደ!»፣ «ቆይ፣ እዚያው፣ እንዳትነካው!» በእኛ ቤት ቆርቆሮው ላይ የሚወጣው አባዬ ነበር። በር ላይ እናቴ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት እህቴና እኔ። ለባለሙያ ከፍሎ አያውቅም። ቻናሎቹ ናይልሳት ላይ በነበሩበት ጊዜ ዲሹን ወደ ምዕራብ 7 ዲግሪ ያስተካከለው እሱ ነው፤ ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ሲመጣም ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ቀና ያደረገው እሱ ነው። የእኛን ሲጨርስ የጎረቤቱን፣ ከዚያ የጎረቤቱን ጎረቤት። በየቤቱ ያገኘውን አቅጣጫና ፍሪኩዌንሲ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ይጽፋል። የእኛ ግድግዳ ላይ ከቁጥሮቹ ሥር «ሚስማሩን አትንኩ» የሚል ነበረበት፤ የዲሹን እግር የያዘውን ሚስማር ማለቱ ነው።

ይህንን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እቤቴ እያለ፣ አንቴና ስገዛ አንድም ነገር አላማከርኩትም። የአሜሪካ ዕቃ ሌላ ነገር መሰለኝ። ራሱ የሚፈልግ፣ ራሱ የሚያገኝ፣ የአባዬን ጣሪያና ከሰል የማይፈልግ።

ቅዳሜ ከሰዓት

ካምፑ ከሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሥር ባለ ሸለቆ ውስጥ ነው። ለአባዬ ብዬ ከሁሉም የበለጠ ጥላ ያለውን ቦታ መረጥኩ። ትልልቅ የኦክ ዛፎች ዙሪያችንን ከበውናል፤ በሐምሌ ፀሐይ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ስልክ ለመነጋገር ያህል ይሠራል፣ ቪዲዮ ግን አያሳይም። ሩጫው በእኛ ሰዓት ከሰዓት በኋላ 3:20 ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ 4:20።

ከሰዓት በኋላ 1:00 ላይ ሞሶቡን ጣሪያው ላይ አውጥቼ ገመዱን በአርቪው ጎን ካለው መሰኪያ ጋር አገናኘሁት። ውስጥ ገብቼ ሪሲቨሩን አበራሁ። ሲግናል የለም። ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ፤ ሞሶቡ ድምፅ የለውም፣ ሞተሩ አይንቀሳቀስም። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። አባዬ በር ላይ፣ እናቴ ትቆምበት በነበረው ዓይነት ቦታ ቆሞ ያየኛል።

«ሪሲቨሩ ከየትኛው ሳተላይት ጋር ነው የሚነጋገረው?» አለኝ።

«ከኩባንያው» አልኩት።

«ኩባንያው ሰማይ ላይ አይቀመጥም፣ ልጄ። ቁጥሩ ስንት ነው?»

ያን ጊዜ ነው መመሪያውን ከካርቶኑ ያወጣሁት። 110፣ 119ና 129 ዲግሪ ምዕራብ ይላል። አባዬ የስልኬን ኮምፓስ ተቀብሎ ደቡብን ፈለገ፤ ከደቡብ ወደ ምዕራብ እጁን ዘርግቶ ቀስ እያለ አዞረ። እጁ የቆመው ያ ለጥላው ብዬ የመረጥኩት ትልቁ ዛፍ ላይ ነው። «እኛ አገር ሳተላይቱ ከራስ በላይ ነው፤ እዚህ አንገቱን ደፍቷል» አለ። በኋላ ቁጭ ብለን ስናሰላው፣ አዲስ አበባ ላይ 57ኛው ወደ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል። ከሸናንዶዋ ሲታይ ግን 110ኛው ወደ 35፣ 119ኛው ወደ 29፣ 129ኛው ደግሞ ከአድማስ 22 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ለ22 ዲግሪ አንድ ዛፍ ይበቃዋል።

«የኛን 57 እዚህ አናገኘውም?» ብሎም ጠየቀኝ። ስልኩ ላይ ካርታ አይቼ ነገርኩት፤ ከቨርጂንያ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከመሬት በታች ነው። ትንሽ ዝም አለና «እንግዲያው የእናንተኑ እናምጣ» አለ።

ሞሶቡን ከጣሪያው አውርደን፣ ዛፉ ወደማይጋርደው ሜዳ አወጣነው። አሁንም ዝም። አባዬ ወደ ውስጥ ገብቶ ቴሌቪዥኑ ጀርባ እጁን ሰደደና ገመዱን እየዳበሰ ሄደ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚዳብሰው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከእንጨቱ ጀርባ፣ እጁ ቆመ። ሦስት ቀዳዳ ያላት፣ አንዱን ገመድ ለሁለት የምትከፍል የብረት ስፕሊተር ናት፤ የአርቪው የቀድሞ ባለቤት ለሁለት ቴሌቪዥን ብሎ ያስገባት ይሆናል። «ዲሹን የሚያበላው ሪሲቨሩ ነው» አለኝ። «13 ወይም 18 ቮልት በዚሁ ገመድ ይልክለታል። ይቺ መሀል ከገባች እህሉ አይደርሰውም።» ፈትቶ አወጣትና ገመዱን በቀጥታ አገናኘ።

ሞሶቡ አጉረመረመ። ልጆቼ ከውጭ «መጣ! መጣ!» እያሉ ጮኹ፤ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፣ አባዬ መሆን አለበት። ውስጡ ያለው ዲሽ ሲዞር በፕላስቲኩ ላይ ጆሮ ቢጥሉ ይሰማል፤ ቆሞ ያስባል፣ እንደገና ይዞራል። አባዬ ታጣፊ ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጦ ተቀመጠ። ሰዓቱ 3:05 ነው። ሞሶቡ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ሪሲቨሩ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ አላገኘሁም ይላል።

የቤታችን ኩባንያ ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ የሪሲቨሩን ዓይነትና የአንቴናውን ስም ጠይቃኝ በትሕትና ነገረችኝ፤ ሁለቱ አብረው አይሠሩም። የሳሎኑ ሪሲቨር ለብዙ ክፍል የሚያገለግል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ቻናል የሚቀዳ ትልቅ ዕቃ ነው። ሁሉንም ሳተላይት በአንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋል። ሞሶቡ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው፤ ወደ ሌላው ለመሄድ መዞር አለበት። አንዱ ሌላውን አይጠብቀውም። 3:17 ሆነ።

ስልኩን ሳስቀምጥ አባዬን ማየት አቃተኝ። እሱ ግን ምንም አላለም። የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣና አዲስ አበባ፣ እህቴ ጋ ደወለ። «ቴሌቪዥኑ ጋ አስጠጊው» አላት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ ባዶውን ስክሪን እያየ ተቀመጠ።

ሠላሳ ደቂቃ እንዲያ ነበር። ዙሩን በጣቱ ይቆጥራል። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሲቆረጥ «ሄደ» ይላል፣ ሲመለስ «መጣ»። እኔ ከጎኑ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከስልኩ የሚያፈተልከውን ድምፅ ለመስማት እሞክራለሁ። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ እህቴ መጮኽ ጀመረች፤ ጎረቤት ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ስለነበር የሁሉም ጩኸት አንድ ላይ ተቀላቀለ፣ ቃል የሚባል ነገር አይለይም። አባዬ ብድግ አለ። «ማን? ማን ናት?» ይላል። ጩኸት ብቻ ነው የሚመለስለት። ደስታ ይሁን ሐዘን አይታወቅም። እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሲፋን ስም መሀል ላይ ተሰማኝ፣ የኬንያዎቹ ስም ተሰማኝ። ከዚያ ስልኩ ተቆረጠ።

መልሶ እስኪደውል፣ እስኪያነሱት፣ ምናልባት ሁለት ደቂቃ ይሆናል። አባዬ በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ የቆመበትን አልለቀቀም። ሲነሳ እህቴ «ለተሰንበት ናት አባዬ! ለተሰንበት!» አለች፤ እሱ ወንበሩ ላይ ወደቀ እንጂ አልተቀመጠም።

በኋላ ውጤቱን አየሁት። ለተሰንበት 30:09.94። ሄለን ኦቢሪ 30:10.02። ማርጋሬት ኪፕኬምቦይ 30:10.07። በአንደኛዋና በሁለተኛዋ መካከል ስምንት መቶኛ ሰከንድ። ዶሃ ላይ ያሸነፈችው ሲፋን አራተኛ። አባዬ ለሦስት ዓመት የጠበቃት ያቺ ስምንት መቶኛ ሰከንድ ናት፤ ሊያያት አንድ አገር ውስጥ ድረስ መጥቶ፣ ከአሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ዞራ በስልክ ደረሰችው። እሷም ሙሉ አልደረሰችውም። ዓይን ብቻ የሚያየው ነገር ነው፤ የደረት መቅደም፣ የእግር መዘርጋት። ማንም በስልክ ሊነግርህ አይችልም።

ማታ ከውጭ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ሜዳው ላይ ብቻውን የቀረውን ሞሶብ እያየ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። እኔን ለመውቀስ አልነበረም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰው ወደ ሰማይ

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ስህተቴ የተሳሳተ ዕቃ መግዛቴ ብቻ አልነበረም፤ ከተሳሳተው ጫፍ መጀመሬ ነው። ከአንቴናው ጀመርኩ፣ ምክንያቱም አንቴናው ነው ሱቅ ላይ የሚታየው። መጀመር የነበረብኝ ግን ወንበሩ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ነው። ማን ነው የሚያየው? ምንን? የት ሆኖ? ከዚያ ነው ወደ ኩባንያው፣ ከኩባንያው ወደ ሪሲቨሩ፣ ከሪሲቨሩ ወደ አንቴናው፣ ከአንቴናው ወደ ገመዱ የሚኬደው። ሰማዩ መጨረሻ ነው።

እዚህ አሜሪካ ሁለቱ ትልልቅ የሳተላይት ቴሌቪዥን ኩባንያዎች ዲሽ ኔትወርክና ዳይሬክቲቪ ናቸው፤ ለአንዱ የተሠራ ዕቃ ሌላው ጋ ባዕድ ነው። በዲሽ ኔትወርክ በኩል ትንንሾቹ ተንቀሳቃሽ ሞሶቦች የሚስማሙት ለአንድ ቴሌቪዥን ከተሠሩት ሪሲቨሮች ጋር ነው፤ ዋሊ የሚባለው ወይም የቪአይፒ 211 ቤተሰብ። ሆፐር የሚባለው ትልቁ የቤት ሪሲቨር ለቤት ጣሪያ ነው የተሠራው። ሳተላይቶቹም ሁለት ጎራ አላቸው፤ የምዕራቡ 110፣ 119ና 129፣ የምሥራቁ 61.5ና 72.7 አካባቢ። አንዳንዱ አንቴና ሁለቱንም ያውቃል፣ አንዳንዱ አንዱን ብቻ። የእኛው ምዕራቡን ብቻ የሚያውቅ ነበር። በምሥራቅ ጠረፍ ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የምሥራቆቹ ለእኛ ከፍ ብለው ይታያሉ፣ ዛፍ እንደልቡ አይጋርዳቸውም።

ዳይሬክቲቪ ጋ ሌላ መልክ አለው። የጠራ ምስል የሚያመጡት ቻናሎቹ በ99ና በ103 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ኬኤ ባንድ በሚባል ሞገድ ነው የሚወርዱት፤ ትንንሾቹ ክብ አንቴናዎች ያንን ሞገድ አይቀበሉም፣ 101ኛውን ይዘው ተራውን ምስል ብቻ ያሳያሉ። ጥርት ያለውን የፈለገ ሰፊ ክፍት ዲሽ ያስፈልገዋል። ከአዳዲሶቹ ሪሲቨሮቻቸው ብዙዎቹም ኤስደብሊውኤም የሚሉትን፣ በአንድ ገመድ ብዙ ቻናል የሚያወርደውን አሠራር ይጠይቃሉ፤ አንቴናው ያንን ካላወቀ ሪሲቨሩ አያናግረውም።

ብዙ ሰው መርካቶ ገዝቼ ኤልኤንቢ፣ ያቺን ከዲሹ ፊት የምትቀመጠውን፣ ላምጣ ወይ ይለኛል፤ አባዬም ጠይቆኛል። አይሆንም። እኛ አገር ሞገዱ የሚመጣው በቁምና በአግድም ነው፤ የእነዚህ ኩባንያዎች ሞገድ ግን እየተጠመዘዘ፣ በቀኝና በግራ ነው የሚወርደው። ኤልኤንቢው አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ዓይኑ ግን ሌላ ነው።

ገመድን ሰው ይንቃል። የቆየ አርቪ ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ገመድ አታምኑት፤ አርጂ6 የሚባለው ይሁን፣ ከሪሲቨሩ እስከ አንቴናው መሀሉ ላይ ምንም ሳይገባበት። ጎኑ ላይ ሁለት መሰኪያ ካለ አንዱ የካምፑ ኬብል ነው፣ ሌላው የሳተላይት፤ የኬብሉ ብዙ ጊዜ በስፕሊተር ወይም ለአየር አንቴናው በተሠራችው ማጉያ በኩል ያልፋል፣ እዚያም ኤሌክትሪኩ ይቀራል። ሁለት ቴሌቪዥን ያላችሁ ደግሞ በትንሹ ሞሶብ ሁለት ሰው የተለያየ ቻናል እንደልቡ ማየት አይችልም፤ አንዱ ሲቀይር ዲሹ ወደ ሌላ ሳተላይት ከዞረ የሌላው ይጠፋል። ከልጆች ጋር ለሚሄድ ይህ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር ነው።

የአካባቢ ቻናሎች ጠባብ በሆነ ጨረር ስለሚወርዱ ከቤታችሁ ብዙ ስትርቁ ይጠፋሉ፤ ያኔ አድራሻ ማስቀየር ወይም አርቪው ጣሪያ ላይ ያለውን የአየር አንቴና ማንሳት ነው። ይህንን ያህል ይበቃል።

ሐምሌ 16

በሚቀጥለው ሳምንት ትንሹን፣ ለአንድ ቴሌቪዥን የሚሆነውን ሪሲቨር በሒሳባችን ላይ አስጨመርኩ። ረቡዕ ማታ ጓሮ ውስጥ አገናኝተን ሞከርነው። አባዬ ነው መመሪያውን እኔ እየተረጎምኩለት ገጽ በገጽ ያስነበበኝ። አርብ ወደ ሜሪላንድ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ አሳቲግ ሄድን፤ የዱር ፈረሶች አሸዋው ላይ የሚመላለሱበት ቦታ ነው። ዛፍ የለም። ፀሐዩ ለአባዬ ከባድ ስለነበር ቀኑን ውስጥ ሆነን አሳለፍን፣ እሱ ግን በመስኮት ፈረሶቹን ሲቆጥር ደስ ብሎት ዋለ።

ቅዳሜ ማታ የሴቶቹ አምስት ሺህ ነበር። ሞሶቡ አጉረመረመ፣ ቆመ፣ ምስሉ መጣ። ጉዳፍ ፀጋይ በ14:46.29 ወርቅ፣ ዳዊት ሥዩም ሦስተኛ። አባዬ ሙሉውን አየ፤ ከመተኮሱ ጀምሮ ባንዲራው እስኪለበስ። ሲያልቅ ተነሥቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተና ማርከር ጠየቀኝ። 110፣ 119፣ 129 ብሎ ጻፈ፤ ከየጎናቸው ለእኛ አካባቢ ከአድማስ ስንት ዲግሪ ከፍ እንደሚሉ። ከሥራቸው «ገመዱን አትቀጥሉት» ብሎ ጨመረ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ግን የለተሰንበት አሥር ሺህ አልነበረም። ያንን አምስት ሺህ ባየሁት ቁጥር ያ አሥር ሺህ ነው የሚታየኝ፤ በዝግታ ተደጋግሞ ሲታይ የሦስቱ ሴቶች ደረት። አባዬም በኋላ በስልክ ላይ ደጋግሞ አይቶታል። «አየሁት እኮ» ይለኛል። አዎ፣ ውጤቱን አውቆ አየው።

ይሠራል?

ገዢው አሁንም መልሴን ይጠብቃል። «ማን ነው የሚያይበት?» አልኩት።

ግራ ገባው። ከዚያ እናቱ በክረምት ከደሴ እንደሚመጡ ነገረኝ፤ አርቪውን የሚገዛው ለእሳቸው ነው።

«ምን ማየት ይወዳሉ?»

«ስብከትና ቅዳሴ። ሌላ ነገር አይከፍቱም። ዩቲዩብ ላይ እኔ ነኝ የማወጣላቸው።»

እንግዲያው ሞሶቡ አያስፈልግህም አልኩት። ለእሳቸው የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ነው። ስልክ በሚሠራበት ቦታ የስልክህ ይበቃል፤ ተራራ የምትወጣ ከሆነ ለአርቪ የሚሆነውን ስታርሊንክ የተባለ የሳተላይት ኢንተርኔት አስብበት። የእሱ ሳተላይቶች በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚዞሩት፤ እነዚህኞቹ ግን ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ነው የሚቆሙት። እሱም ቢሆን ክፍት ሰማይ ይፈልጋል፣ ዛፍ አይወድም። ለዚህ አንቴና ብር አትክፈለኝ፤ ከዋጋው ላይ እቀንስልሃለሁ።

እየቀለድኩ መስሎት ነበር። ሞሶቡን በእጀታው አንሥቼ ከአርቪው ሳወርደው ነው ያመነኝ። ተመልሶ ቁም ሳጥኑን ከፈተና አሁን አነበበው። «ላጥፋልህ?» አልኩት። «ተይው» አለ፤ «ግን የትኛውን ገመድ ነው?» ከእንጨቱ ጀርባ እጁን አስገብቼ አስነካሁት።

ማታ አባዬ ጋ ደወልኩ። አርቪው እንደተሸጠ ነገርኩት፤ ለሰው እናት መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው። ትንሽ ቆየና «ሞሶቡስ?» አለኝ።

«እሱ እኔው ጋ ነው» አልኩት።